ጥራዝ ነጠቅ ጀግኖች

«ጥራዝ ነጠቅ» የሚለውን ስድብ ሁላችንም እናውቀዋለን። በየስብሰባውና በየመሸታ ቤቱ እንወራወርበታለን። መጽሐፍ በብራና ይጻፍ በነበረበት ዘመን ብራናው እየታጠፈና እየተሰፋ፣ ጥራዝ በጥራዝ ላይ እየተደረበ ነበር መጽሐፍ የሚሆነው። ከዚያ መካከል አንዲቱን ጥራዝ መንትፎ፣ ሙሉውን መጽሐፍ እንደጨረሰ ሰው ደረቱን የሚነፋ ነው እንግዲህ ጥራዝ ነጠቅ። ስድቡ ለግማሽ ምሁራን የተሰፋ ቢመስልም፣ ይህ ጸሐፊ በጥሬ ትርጉሙ ይቀበለዋል። እኔ ጥራዝ ነጠቅ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሳለሁ እዚሁ ሀዋሳ፣ ከመናኸሪያው አካባቢ መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው አንዲት ቀጭን ባለቀለም የእንግሊዝኛ ኮሚክ ገዛሁ። ሽፋኗ ተገንጥሏል። ከውስጥ ገጿ ላይ «ቁጥር 3» ይላል። ስትጀምር ጀግናው ከፎቅ እየወደቀ ነው፤ ስታበቃ ደግሞ ሌላ ፎቅ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ አለ። አንደኛዋና ሁለተኛዋ የት አሉ? አራተኛዋስ? ሻጩን ብጠይቀው፣ «የኔ ልጅ፣ የመጣው ይኸው ነው» አለኝ። ያቺን መጽሔት እስክትበጣጠስ ድረስ አነበብኳት። ሰውዬው ለምን እንደተወረወረ አላውቅም፤ ይትረፍ አይትረፍም አላውቅም።

ስለዚህ መጨረሻውን ራሴ ሠራሁት። የሂሳብ ደብተሬን ገልብጬ ከኋላው ጀመርኩ። የኔ ጀግና ፎቅ ስላልነበረው ከታቦር ተራራ ላይ ዘለለ፤ አባ ኮዳዎች በክንፋቸው ተቀብለው አሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎቹ መካከል አሳረፉት። አሥራ ሁለት ገጽ ያህል እንደሄድኩ አንድ አስተማሪ ያዘኝ። ደብተሩን አገላብጦ አየና ለሁለት ቀደደው። «አገር በካርቱን አያድግም!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ከብዙ ዓመት በኋላ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ያንኑ ታሪክ ከአንድ እስከ ስድስት በአንድ ላይ ተጠርዞ የወጣውን መጽሐፍ ላከልኝ። በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። አንባቢ ሆይ፣ ልዋሽ አልፈልግም፤ መጨረሻው ከኔ መጨረሻ ያነሰ ነበር። ልዩነቱ ግን ምን መሰላችሁ? የእነርሱ ደካማ መጨረሻ ተጠርዟል። የኔ ተቀድዷል።

ይህን የማወራው ለማሳዘን አይደለም። በአገራችን ስለ ኮሚክና ስለ ቪዲዮ ጌም የሚደረገው ክርክር ሁሉ የሚያናድደኝ ከዚህ የተነሣ ስለሆነ ነው። አንዱ ወገን «የልጅ ዕቃ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የባህል ወረራ ነው» ይላል። ሦስተኛውና ዘመናዊው ወገን ደግሞ፣ «ግዴለም፣ ጀግናውን ጥለት እናለብሰዋለን፤ ጋሻና ጦር እናስይዘዋለን፤ ከዚያ የኛ ይሆናል» ይላል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ ልብሱ ነው። ስለ አጥንቱ የሚያወራ የለም። በበኩሌ የኮሚክ አጥንቱ ጥራዙ፣ የጨዋታ አጥንቱ ሕጉ ነው እላለሁ። እነዚህን ሁለቱን እስካልያዝን ድረስ፣ ጀግኖቻችን የቱንም ያህል ቢያምርባቸው፣ ጥራዝ ነጠቅ ጀግኖች ናቸው።

ጥራዙ

በመጀመሪያ ኮሚክ ባዕድ ነው የሚሉንን እንሸኝ። ሰንሱል የሚባለውን የአባቶቻችንን ሥራ ያየ አለ? አንድ ረጅም ብራና ወዲያና ወዲህ ይታጠፍና በየእጥፋቱ ሥዕል ይሣልበታል። ሲታጠፍ በመዳፍ ይያዛል፤ ሲዘረጋ ሥዕሎቹ ተከታትለው ይቆማሉ። በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መደብሮች የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ሥዕልስ? ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስ ታሪኩ በተደረደሩ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይነገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥራቸው 44 ነው። ከየሥዕሉ ጋር ጽሑፍ አለ። ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? የውጭ እንግዳ ገዝቶት ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለዋል፤ እኛ ደግሞ ልጃችን ደብተር ላይ ይህንኑ ሲሠራ ደብተሩን እንቀድዳለን።

ታዲያ ችግሩ የመሣል ችሎታ አይደለም። ችግሩ የመሰብሰብ ልማድ ነው። በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ ስንት ሣይ እጁን አሟሽቶ አለፈ? ሥራው ቆሎ ተጠቀለለበት፤ ግድግዳ ተለጠፈበት። ዛሬ ደግሞ ስልክ ላይ ይወጣል፤ በነጋታው በሌላ ሥዕል ተሸፍኖ ይጠፋል። እኔ በዚህች ከተማ የመጻሕፍት መደብሮች ስዞር «የእገሌ ሥዕላዊ ታሪኮች፣ ሙሉ ስብስብ» የሚል አንድ ጥራዝ ገጥሞኝ አያውቅም።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው? ጃፓኖችን እንይ። ሳምንታዊ የኮሚክ መጽሔታቸው እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ፣ በርካሽ ወረቀት፣ አብዛኛው በጥቁርና ነጭ የታተመ ነው። አንብበው ይጥሉታል። ተወዳጅ የሆነው ታሪክ ግን ከየሳምንቱ ተለቅሞ በትንሽ ጥራዝ ይወጣል፤ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው፣ ታናሽ ከታላቁ የሚወርሰው እሱ ነው። አሜሪካዊው አርት ስፒግልማን አባቱ ከናዚዎች እልቂት እንዴት እንደተረፉ፣ አይሁዶችን በአይጥ፣ ናዚዎችን በድመት መስሎ የሣለው «ማውስ» እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በአንዲት አነስተኛ መጽሔት በቁርጥራጭ ነበር የወጣው። በ1986 እና በ1991 በሁለት ጥራዝ ተሰበሰበ። በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አገኘ። ቁርጥራጩ ቁርጥራጭ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር?

ሌላም ምሳሌ አለኝ፤ ይኼኛው ትንሽ ያማል። ሁጎ ፕራት የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937፣ በወረራው ዘመን፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ወደ አገራችን መጣ፤ አባቱ የቅኝ ገዢው ጦር ሰው ነበር። ጣሊያን ሲሸነፍ እናትና ልጅ ድሬዳዋ ከነበረው የእስረኞች ሰፈር ገቡ፤ አባትየው በ1942 በምርኮ ላይ እንዳሉ ሞቱ። ያ ልጅ አድጎ ኮርቶ ማልቴዝ የሚባለውን መርከበኛ ፈጠረ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም መርከበኛውን ወደ አፍሪካ ቀንድ አምጥቶ፣ ኩሽ ከሚባል የቤኒ ዓምር ተዋጊ ጋር አገናኘው። ታሪኮቹ መጀመሪያ በአንድ የፈረንሳይ የልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ለየብቻ ወጡ፤ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ በሚናገር ርእስ በአንድ ጥራዝ ተሰበሰቡ። እስከ ዛሬ ይታተማሉ። የወራሪው ልጅ ትዝታ ተጠርዞ በየአገሩ ይነበባል። ወረራውን በዓይናቸው ያዩ የኛ ልጆች ትዝታ በሥዕል የት አለ? ፕራትን አልከስም፤ የሚወቀስ ካለ የጠረዘ ሳይሆን ያልጠረዘ ነው።

«እኛ እኮ ጦርነትና ልዕለ ኃያል ያስፈልገናል፤ ያለዚያ አይሸጥም» የሚለኝ ካለ፣ ወደ አይቮሪ ኮስት ልውሰደው። ማርጌሪት አብዌ ከሣዩ ክሌማን ኡብረሪ ጋር «አያ»ን እ.ኤ.አ. በ2005 ስታወጣ ጀግናዋ የምትበር አልነበረችም። ዮፑጎን በሚባል የአቢጃን ሠፈር የምትኖር፣ ሐኪም ለመሆን የምትመኝ ኮረዳ ናት። ጎረቤት ያማል፤ ልጃገረዶች ይጨፍራሉ፤ አባቶች ይዋሻሉ፤ በቃ። የመጀመሪያው ጥራዝ በማግሥቱ ዓመት በፈረንሳዩ የአንጉሌም የኮሚክ ፌስቲቫል ተሸለመ። ዮፑጎን ከበቃች፣ ኮረም ሠፈር የማትበቃበት ምክንያት ምንድን ነው? አቶቴስ?

የኛዎቹም ዝም አላሉም። ብስራት ደበበ በመሠረተው ኤታን ኮሚክስ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ጀምበር» በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም ቀረበ። ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ብዙ ሰው የወደደው ግን የጀግናውን ልብስ ይመስለኛል። እኔ የወደድኩት ሌላ ነገር ነው። ጀግናው አማኑኤል ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። የማስረጃ ወረቀት ይዞ በየቢሮው ደጅ መጥናት! እዚህ ላይ ነው ታሪኩ አጥንት ያወጣው። የኒው ዮርክ ጀግና መብረር ስለቻለ ችግሩ አያልቅም ይባላል፤ የኛ ጀግና ደግሞ መብረር እንኳ ቢችል «የሥራ ልምድ አለህ ወይ?» መባሉ አይቀርም። ይህን ያየ ደራሲ የኢትዮጵያን ጀግና አግኝቷል፤ ካባው ትርፍ ነው።

አሁን ከአሳታሚዎች ጋር ያለኝን ጠብ ልናገር። «ባለቀለም ካልሆነ አይሆንም፤ ባለቀለም ደግሞ ውድ ነው፤ ስለዚህ አይታተምም» ይላሉ። ወረቀት መወደዱ እውነት ነው። ግን ባለቀለም መሆን አለበት ያለው ማነው? የጃፓን ኮሚክ ዓለምን ያዳረሰው በጥቁር ቀለም ነው። «ማውስ» ጥቁርና ነጭ ነው። እንዲያውም እነዚያን ክርክማቸው በወርቅ የተነከረ፣ ሁለት እጅ የሚፈልጉ የፈረንጅ ቅንጡ ጥራዞች አልወዳቸውም፤ ሰብሳቢው ሳይከፍታቸው መስታወት ውስጥ የሚያስቀምጣቸው፣ የመጽሐፍ ሬሳ ሣጥን ናቸው። እኔ የምለምነው አምስት ስድስት ክፍል ያለበት፣ በአንድ ቀለም የታተመ፣ ኪስ የሚገባ፣ ተማሪ ከምሳው ቀንሶ የሚገዛው ጥራዝ ነው። ከፊት አንድ፣ ከኋላ መጨረሻ ያለው። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

ሣዮቻችንንም አልምርም። በየሥዕሉ ላይ ለጥይትም ለቡጢም የእንግሊዝኛ ድምፅ በግዕዝ ፊደል እየጻፉ ለምን ይለጥፋሉ? አማርኛን ያህል ድምፅ የሞላው ቋንቋ አለ እንዴ? በር «ጓ» ይላል፤ ጥፊ «ጧ» ይላል፤ ወንጭፍ «ዥው» ይላል፤ የወደቀ ሰው «ዘጭ» ይላል። ዝምታ እንኳ በአማርኛ ድምፅ አለው፤ «ጭጭ» ይላል። ደግሞም አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። «ወንድሜን በገዛ እጄ...» ብሎ ገጹ ቢያልቅ፣ ገደልኩት ይበል አዳንኩት ይበል ለማወቅ አንባቢው ገጹን ይገልጣል። ለኮሚክ እንዲህ የተመቸ ሰዋስው ይዘን ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የሚመስል ንግግር እንጽፋለን። ይህም ጥራዝ ነጠቅነት ነው፤ ያውም ከራሳችን መጽሐፍ።

ሕጉ

ወደ ጨዋታው እንሂድ። አቶቴ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ በሩ ላይ መጋረጃ። ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች ይሞሉታል። ጨዋታው የእግር ኳስ ነው፤ እዚያ ቤት ሌላ ጨዋታ ያለ አይመስልም። አንድ ቀን የታናሽ እህቴን ልጅ ፍለጋ ገብቼ ሳልወጣ አንድ ሰዓት ቆየሁ። የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፤ የሚጮሁት አሥራ አምስት። «አቀብል እንጂ! ምን ታያለህ?» ይላል ከኋላ የቆመ ሊስትሮ። ባለቤቱ ሕጉን ነገረኝ። ተሸናፊ ይከፍላል፤ አሸናፊ ይቆያል።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ይህን ሕግ ማን ሠራው? ጨዋታውን የሠራው የውጭ ኩባንያ አይደለም። ከጆተኒው ጠረጴዛ የመጣ የኛው ልጆች ሕግ ነው። በዚህች ሕግ ምክንያት ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ሆኗል። ጎበዝ በአንድ ሳንቲም ከሰዓቱን ሙሉ ይጫወታል፤ ሰነፍ ኪሱ ይራቆታል፤ ተመልካቹ ተራው እስኪደርስ ዳኛም አሠልጣኝም ይሆናል። የጨዋታ ንድፍ ማለት ይህ ነው እንጂ የሣሩ ማማር አይደለም። ይህን ያውቁ የነበሩ ልጆች አድገው ጌም ሲሠሩ ግን ሕጉን ረስተው ሥዕሉን ብቻ ይዘው ይቀመጣሉ።

ፈረንጆቹ ከኛ ታሪክ ምን እንደወሰዱ ልናገር፤ እፍረቱ እዚህ ላይ ነው። «ሲቪላይዜሽን 5» የሚባለው የስልት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ተጨማሪ ክፍሉ ኢትዮጵያን አስገባ፤ መሪዋን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አደረገ። እኛ ብንሆን ዓድዋን እንዴት እናስገባው ነበር? ፈረስ፣ ጎፈር፣ ጋሻ፣ ቀረርቶ። እነርሱ ሕግ አደረጉት። «የዓድዋ መንፈስ» ብለው ሰየሙትና እንዲህ አሉ፤ ኢትዮጵያ ከእርሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው መንግሥት ጋር ስትዋጋ ጦሯ 20 በመቶ ይበረታል። በቃ፤ አንድ መስመር። የ1888ቱን ድል ምሥጢር፣ ትልቁ ትንሹን ሲንቅ የሚደርስበትን፣ ተጫዋቹ በንግግር ሳይሆን በራሱ ውሳኔ ይማረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ «ሲቪላይዜሽን 6» ዳግማዊ ምኒልክን ይዞ መጣ። እዚያም ኮረብታ ላይ የተመሠረተ ከተማ ከሃይማኖቱ ዕውቀትና ባህል ያተርፋል፤ ኮረብታ ላይ የሚዋጋ ጦር ይበረታል፤ ከአለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያውን ተራራና ኮረብታ ሲኖረው ይበልጥ ይሠምራል። ደጋው ራሱ ሕግ ሆነ! «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2»ም እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያውያንን ሲያስገባ ባለሾተል ተዋጊ ሰጣቸው፤ የዮዲትን ታሪክም በተከታታይ ዘመቻ አስጫወተ።

እነዚህ ጨዋታዎች እንከን የለባቸውም አልልም። አገር ሁሉ ሌላውን ሊውጥ የተፈጠረ ይመስላቸዋል፤ ኢትዮጵያንም በንጉሥ ብቻ ያውቋታል። ነገር ግን የቤት ሥራቸውን ሠርተዋል። የኛ ታሪክ በሰው እጅ ሕግ ሲሆን፣ በኛ እጅ ጌጥ ሆኖ መቅረቱ አያንገበግብም?

የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ያወጣውን «ኩኩሉ»ን ልውሰድ። ዶሮ ከአሳዳጇ ታመልጣለች፤ እንቅፋት እየዘለለች ትሮጣለች። በአገር ልጅ እጅ እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱ የሚያኮራ ነው፤ ይህን ሳልል አላልፍም። ዶሮዋ የኛ ናት፤ መንገዱ የኛ ነው። ሩጫው ግን የሰው ነው። በዓለም ሁሉ ስልክ ላይ ያለ፣ መጨረሻ የሌለው ሩጫ ነው። ኩኩሉ የሚለው ቃል ራሱ ግን ሌላ ጨዋታ ያስታውሰናል። ድብብቆሽ ስንጫወት ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ዶሮ ይጮሃል፤ ተደባቂዎቹ ገና እንዳልነጋ ይነግሩታል፤ ድምፃቸውን ሲሰጡ ግን ያሉበትን አቅጣጫ ያጋልጣሉ። አያችሁት? ካልመለስክ ሕግ አፈረስክ፤ ከመለስክ ተጋለጥክ። ይህን የመሰለ ጭንቅ ያለበት ሕግ በእጃችን እያለ የሰው ሩጫ መዋስ ምን ይባላል? እነዚሁ ሰዎች ገበጣንም ወደ ስልክ ማምጣታቸው ግን መንገዱ እንደገባቸው ያሳያል።

ስለ ገበጣ ከተነሣ አይቀር፣ በአክሱም ዘመን በማጠራና በየሐ አካባቢ አለት ላይ የተፈለፈሉ የገበጣ ጉድጓዶች መገኘታቸው የታወቀ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢው ከመቶ የማያንሱ ዓይነቶቹን መዝግበዋል። ሁለት ረድፍ አለ፤ ሦስት ረድፍ አለ። የገበጣ ብልሃቱ ምን ላይ ነው? ጠጠሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የእገሌ ነጭ፣ የእገሌ ጥቁር የለም። አሁን እጄ ላይ ያለው ጠጠር ጥቂት ቆይቶ ካንተ ዘንድ ያድራል። ለመሰብሰብ መዝራት ግድ ነው፤ ስትዘራ ደግሞ የባላንጣህንም ማሳ ታጠግባለህ። ዕጣ የለም፤ ድብቅ ነገር የለም፤ የተሸነፈ የሚያማርረው ራሱን ነው። ይህ የገበሬ ፍልስፍና ነው፤ ያለ አንድ ሥዕል፣ ያለ አንድ ጥለት፣ በጉድጓድና በጠጠር የተጻፈ።

ሰንጠረዥማ ከዚህም ይብሳል። ሄንሪ ሶልት የሚባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ሲደርስ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። የኛ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው በመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ስሙም ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የቻሉትን ያህል ፈጥነው፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ ይጀመራል። የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሪዎች ተራ የሌለው የጦር ስልት ብለው በ1990ዎቹ ዓለምን ያስደነቁበት ሐሳብ በአባቶቻችን ቀይ ጨርቅ ላይ ነበር። አበላሉም ክብር ነበረው። ንጉሥን በጠንካራ ጠጠር መግደል ተራ ነገር ሲሆን፣ በደካማ መግደል ያስመሰግናል፤ ብቻውን የቀረን ንጉሥ መግደል ደግሞ አይፈቀድም። ዎልተር ፕላውደንም ተመልካቹ ዝም ብሎ እንደማያይ፣ ምክር እየጮኸ እንደሚሳተፍ ጽፏል። የአቶቴው ሊስትሮ አያት እዚያ ነበሩ ማለት ነው! ይህ ጨዋታ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሞላ ጎደል ጠፋ። ማንም አልቀማንም፤ እኛው ጣልነው።

«ይህ ሁሉ የሰሜን ነው፤ ሀዋሳስ?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። በሲዳማ አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለ። ነገር ሲነሣ፣ ጠብም ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚባለው «ሰማችሁ ወይ?» ነው። ነገሩ ሳይሰማ፣ ሽማግሌ ሳይመክርበት ውሳኔ የለም። እንግዲህ እስቲ አንድ ጨዋታ አስቡ። ተጫዋቹ መሣሪያ አለው፤ ግን ሁሉም ሳይሰማ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም። ቢቸኩል ይሸነፋል፤ ቢያደምጥ መንገድ ይከፈትለታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበው ፍቼ ጨምበላላስ? የበዓሉን ቀን የቀን መቁጠሪያ አይወስነውም፤ አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ያውጃሉ። ሰማዩን ማንበብ የሚፈልግ ጨዋታ! የሲዳማን የባህል ልብስ ለአንድ ተኳሽ ማልበስ ቀላል ነው፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አፊኒን ሕግ ማድረግ ግን ሰው ይጠይቃል።

ለሚቃወሙኝ

አስተማሪዬን እስካሁን አልረሳሁትም፤ አልጠላውምም። ፍርሃቱ ይገባኛል። ልጆች ጌም ቤት ውስጥ ትምህርታቸውን ይጥላሉ፤ ከእናታቸው መቀነት ሳንቲም ይፈታሉ። የእህቴን ልጅ ጎትቼ ያወጣሁት እኔው ነኝ። በትምህርት ሰዓት ይዘጋ የሚል ካለ አብሬው እፈርማለሁ። ነገር ግን መዝጋት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ መጋረጃው ቢወርድ ስልኩ ኪስ ውስጥ አለ። ልጁ መጫወቱን አይተውም። ጥያቄው የማንን ሕግ ይጫወታል፣ የማንን ታሪክ እስከ መጨረሻው ያነባል የሚለው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ከባድ አይደለም። አሳታሚ ሆይ፣ ቀለሙን ተወውና ጥራዙን አውጣ። ሣይ ሆይ፣ ያልጨረስከውን አትጀምር፤ ከጀመርክ ደግሞ ሰብስበው። የኮምፒዩተር ተማሪ ሆይ፣ ለመመረቂያህ ሌላ ሯጭ ከምትሠራ፣ አያትህ ዘንድ ሂድና አንድ ሕግ ተማር፤ ሥዕሉ በኋላ ይደርሳል። አንባቢ ሆይ፣ የልጅህን ደብተር ከኋላው ገልጠህ እይ።

እኔም የበኩሌን ጀምሬያለሁ። የእህቴ ልጅ፣ ያው ጌም ቤት የሚጠፋው፣ ሦስት ደብተር ሙሉ የሥዕል ታሪክ አለው፤ ከሐይቁ ስለሚወጣ ጉማሬ ነው። ባለፈው ሳምንት ደብተሮቹን ይዘን ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ሄድን፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠረዝበት ቤት ነው። ጠራዡ ወረቀቱን አስተካክሎ፣ በስቶ፣ በጥቁር ሽፋን አሰረልን። ልጁ ተቀብሎ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ መጨረሻው እኮ ገና ነው» አለኝ።

አራት ባዶ ወረቀት ጨምረን እንደገና አስጠረዝነው።